ዐይኑ ዐ ይውጣ?

ከአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሠላሳ አምስት ፊደላትን ነቅሎ ለመጣል ስንት ጊዜ ይፈጃል ቢባል፣ የድሮ ሰው «አንድ ትውልድ አይበቃውም» ባለ ነበር። እውነትም አልበቃውም። የ«ፊደል ይሻሻል» ክርክር ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል፤ ተጽፎበታል፣ ተከራክረውበታል፣ ተኳርፈውበታል። ዛሬ ግን የኮምፒውተር ትምህርት የቀመሰ አንድ ወጣት አምስት ስድስት መስመር ትእዛዝ ጽፎ አንዲት ቁልፍ ቢጫን፣ በሺህ ገጽ ፋይል ውስጥ ያሉት ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ እና ፀሐዩ ፀ ከነዘር ማንዘራቸው፣ የተጣደው ቡና ሳይፈላ ያልቃሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ሥራው አለቀ እንደ ማለት ነው።

ቁጥሩን ከየት አመጣሽው ለሚለኝ አንባቢ፦ በገበታው ላይ 33 የፊደል ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት ልጆች አሏቸው፤ ድምሩ 231 ነው። ከነዚህ ውስጥ በዛሬው የአማርኛ አንደበት ከወንድሞቻቸው የማይለዩት አምስት ቤቶች ሲወጡ፣ ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት፤ የሚቀረው 196 ነው። እንደ ኋ ያሉትን ዲቃሎች አልቆጠርኳቸውም። እነሱ በየትኛውም ዘመን ደህና ቆጣሪ አግኝተው አያውቁም።

ፊደላቱን የሚያስወጣቸው ሰው ክፋት የለበትም። ችግሩ የፍለጋ ችግር ነው። ለእኔና ለአንቺ፣ ለእኔና ለአንተ፣ ሀ እና ሐ ሁለት ልብስ የለበሰ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ ከሐ የሚርቀው ለ ከመ የሚርቀውን ያህል ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንውሰድ። መጀመሪያ ያለው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ሥ ወይም ስ፤ ሁለት። ሴ ወይም ሤ፤ ሁለት። ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ሃያ አራት ዓይነት ጽሕፈት ማለት ነው። ስሙን አጣብቆ የሚጽፍና ለያይቶ የሚጽፍ ሲጨመርበት አርባ ስምንት ይሆናል። በአንደኛው ጽሕፈት የፈለገ ሰው በአርባ ሰባቱ የተመዘገቡትን አያገኝም። አማርኛን ለኮምፒውተር የሚያጠኑ ምሁራን ይህንን ለማቃለል ሲሉ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ይሰበስቧቸዋል፤ «ኖርማላይዜሽን» ይሉታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንደሚታጠብ እጅ የተለመደ ነገር ሆኗል።

እኔን ከዚህ ጉዳይ ጋር ያገናኘኝ ምርምር አይደለም፣ ዕድር ነው።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ ለአንድም መሥሪያ ቤት ሳልቀጠር፣ በየመጽሔቱ ደጅ እየጠናሁ የምኖር ሰው ነኝ። መጣጥፍ ብቻውን የአዳማን የቤት ኪራይ ስለማይችለው ትየባም እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ ሰፈር ያለ አንድ ዕድር የአባላቱን መዝገብ በኮምፒውተር እንዳስገባለት ጠየቀኝ። መዝገቡ ሦስት ዘመን ያየ ነው። የመጀመሪያው በእጅ የተጻፈ፣ ዳርና ዳሩን አይጥ የቀመሰው ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው። ሁለተኛው በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ አያና ብሩ የደከሙለትን ያን የአማርኛ መኪና የሚያስታውስ፣ ፊደሉ ከመስመር ወጣ ገባ የሚል ወረቀት ነው። ሦስተኛው በ1990ዎቹ አንድ የአባል ልጅ በቪዥዋል ግዕዝ የተየበው ፋይል ሲሆን፣ ዛሬ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘራበት እርሻ ይመስላል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሶፍትዌሮች የግዕዙን ቅርፅ በላቲኑ ወንበር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ቅርፁ ሲጠፋ ወንበሩ ብቻ ይቀራል።

አባላቱን ብትቆጥሯቸው የዚህን ሸለቆ ታሪክ የቆጠራችሁ ያህል ነው። በ1946 ዓ.ም. ሆላንዶች የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሲከፍቱ ለሥራ የመጣው ከከምባታው፣ ከሀዲያው፣ ከወላይታው ነው፤ በባቡሩ የመጣው ከድሬዳዋ ነው፤ ከሞጆና ከመቂ በንግድ፣ ከአርሲ በጋብቻ የመጣም አለ። የአገሬው የኦሮሞ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት እዚያው ነበር። ዓሊ፣ ዑመር፣ ገመዳ፣ ሐጎስ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ሁሉም በአንድ ድንኳን ሥር ለመለቀስ ስማቸውን አስመዝግበዋል። አድራሻቸው ላይ የድሮው ደብተር «ናዝሬት»፣ አዲሱ «አዳማ» ይላል። የከተማዋ የድሮ ስም በይፋ የተመለሰው በ1992 ዓ.ም. ነውና ይህ አያስገርምም፤ ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን ግን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ፋይሉን የሚያጸዳው የጎረቤታችን ልጅ ነበር፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ። አሠራሩን እያሳየኝ ነበርና የገባኝን ላካፍላችሁ፤ አሰልቺ የሚመስለው የሙያ ነገር ውስጡ ሲገቡ ደስ ይላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቤቶቹም በተርታ ስለተቀመጡ፣ ከሐ ቤት ቁጥር ላይ 16 ብትቀንሱ ሀ ቤት ትገባላችሁ፤ ሠ ላይ 16 ብትጨምሩ ሰ፤ ፀ ላይ 8 ብትቀንሱ ጸ፤ ዐ ላይ 48 ብትቀንሱ አ። ሊቃውንቱ የተኳረፉበትን ነገር የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ፈታው። ግን ወጥመድ አለው። ዓ ራብዕ ስለሆነች 48 ሲቀነስላት ኣ ነው የምትሆነው፤ «ዓለም» «ኣለም» ይሆንና መዝገቡ በአማርኛ ተጀምሮ በትግርኛ ጽሕፈት የቀጠለ ይመስላል። ስለዚህ ኣን ወደ አ፣ ሃን ወደ ሀ የሚመልስ ሌላ መስመር ይጨመራል።

እዚህ ላይ መተካትና መሰረዝ የሚባሉት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ለነጥብና ለጭረት መሰረዝ ይበቃ ይሆናል፤ ለፊደል ግን አይሆንም። ዓለም ላይ ዓን ብትሰርዙ «ለም» ይቀራል። ለስምጥ ሸለቆ አፈር ጥሩ ቃል ነው፣ ለሰው ስም ግን አይሆንም። ፀሐይ ላይ ሁለቱን ብትሰርዙ «ይ» ብቻ ትቀራለች። የዝዋይ ዓሣ ደግሞ ከነአጥንቱ ይጠፋል፤ ሁለቱም ፊደሎቹ ከሚሰረዙት ናቸውና «የዝዋይ» ብሎ ዝም ነው። ልጁ ሐይቁንም ባቱ ስለሚለው እኔ የምጽፈው ቃል በሙሉ ላይቀር ነው ብዬ ሳቅኩ።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። በሊኑክስ ውስጥ ፊደል ለመሰረዝ ሁሉም የሚያውቃት፣ ሁለት ፊደል ብቻ የሆነ ስም ያላት አጭር ትእዛዝ አለች። ይህች ትእዛዝ የተሠራችው ለእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ፊደል አንድ ባይት በሆነበት ዓለም። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያዋ ባይት ለሀም፣ ለመም፣ ለፐም አንድ ናት፣ የቤተሰብ ስም እንደ ማለት። «ሐን ሰርዥልኝ» ስትሏት ሐ የምትባል ፊደል አታውቅም፤ ሦስቱን ባይቶች ካገኘችበት ሁሉ ትለቅማለች። ያቺን የቤተሰብ ስም ከሁሉም ላይ ስትቀማ፣ አንድ ፊደል እንድታወጣ የታዘዘችው መሣሪያ አንድም ፊደል ሳታስቀር ፋይሉን ፍርስርስ ታደርገዋለች። ልጁ በሙከራ ቅጂ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ፊደልን ፊደል ብሎ በሚያውቅ ቋንቋ፣ ለምሳሌ በፓይተን ነው የሚሠራው።

ሁለት ነጥብም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮው ጽሑፍ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጋል፤ ዛሬ ባዶ ቦታ ተክቶታል። «ሁለት ነጥቡን አውጣው» ብሎ ማዘዝ ቀላል ይመስላል። ሁለት ነገር ይከተላል፦ በቦታው ባዶ ቦታ ካልተተካ ቃላቱ ሁሉ ተጣብቀው አንድ ረጅም እባብ ይሆናሉ፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ተያቢ አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ ማስገባት ስለማያውቅ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ለዐይን አራት ነጥብ ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት የቃል መለያ። ትእዛዙ ሲሄድ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ማለቂያ ያጣል። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ መጀመሪያ ጥንዶቹን ወደ እውነተኛ አራት ነጥብ መለወጥ፣ ቀጥሎ ነጠላዎቹን በባዶ ቦታ መተካት ነው። ይህንን ያልጠበቀ ጽሑፍ በየቦታው አይቻለሁ፤ ሳያርፍ የሚናገር ሰው ይመስላል።

የዕድሩ ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ፣ ኋላ በምድር ባቡር የሠሩ። ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል። ልጁ የሚያወጣቸውን ፊደላት ዝርዝር አትሞ ይዞላቸው መጣ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡ።

«አንተ ጎበዝ፣ ዐይኑ ዐንም ልታወጣት ነው?»

«ድምፃቸው እኮ አንድ ነው የኔታ።»

«ድምፃቸውማ አንድ ነው። ዓለሚቱን ምን ላደርጋት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕድሩ ውስጥ በስምም፣ በአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት እናቶች አሉ። (እዚህ የጻፍኩት ስም የእነሱ አይደለም።) የኔታ አንደኛዋን በዐይኑ ዐ «ዓለሚቱ»፣ ሁለተኛዋን በአልፋው አ «አለሚቱ» ብለው መዝግበው ኖረዋል። የአያት ስም የሚባል ዓምድ በደብተሩ ላይ አልነበረም። ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ቤተሰብ ሲሞት ገንዘብ ሲወጣ፣ ልዩነቷ ያቺው አንዲት ፊደል ናት። ትእዛዙ ቢሮጥ ኖሮ ሁለቱ አንድ ሴት ይሆኑና፣ ደግሞ የተመዘገበ ስም የሚያጠፋው ቀጣዩ መስመር አንደኛዋን ይሰርዛታል። ያኔ የአንደኛዋ ቤት ሐዘን ሲገባ ጥሩምባ ነፊው ማንን ብሎ ይጠራል?

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ፊደል አይነካ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሊቃውንቱ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ወጣ፣ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሌባ ሆነ ይሉናል፤ «ሠረቀ ብርሃን» የሚባል ሰው ስሙ በእሳቱ ሲጻፍ ብርሃን ሰራቂ ይሆናል። በብዙኀኑ ኀ «ድኅነት» መዳን ነው፣ በሃሌታው ሀ «ድህነት» ማጣት። ሠዓሊው ሥዕል ይሥላል፣ ሰአሊው ይለምናል። ጥሩ ነው። ግን የጥንቱን የብራና ጽሑፍ ያዩ ሁሉ እንደሚመሰክሩት፣ እነዚያ ፊደላት በደብተሮቹም እጅ ሲምታቱ ነው የኖሩት። የመንገድ ሰው «ድህነት ይጥፋ» የሚል ሰሌዳ ሲያነብ መዳን ይጥፋ ተባለ ብሎ አይደነግጥም፤ ዐውደ ንባቡ ይነግረዋል። ይህንንም ሳልክድ፣ አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ሊመለስ የሚችልበትን መንገድ ሳያስቀሩ መደምሰስ ሌላ ነገር ነው እላለሁ። ከዓ ወደ አ መሄጃ ትእዛዝ አለ፤ ከአ ወደ ዓ መመለሻ ትእዛዝ የለም። የትኛው አ በፊት ዓ እንደነበር የሚያውቅ ማን አለ?

ይህ ሙግት ትላልቅ ሰዎችን አሰልፏል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» እሳቸው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. ሲታተም፣ ሥራው ሁሉ የቆመው ፊደልን ከሥሩ በመለየት ላይ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያወጡት መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ ይጀምራል፤ ከተማችን ዋና ከተማ «አዲስ አበባ» በአልፋው አ እየተጻፈች። በሌላው ጎን ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። እሳቸው ጽሕፈቱ ይሻሻል ከሚሉት ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። እኔ ይህንን ከሁሉም አብልጬ አስታውሳለሁ። ጆሮ የማይለየውን እንቀንስ የሚለው ሰው፣ ጆሮ የሚለየውን ደግሞ እንጨምር ማለት አለበትና። «ገና» በዓሉና «ገና» ያልደረሰው፣ «አለ» የተናገረውና «አለ» የተገኘው በጽሑፍ አይለዩም። ያቺ የማጥበቂያ ነጥብ ዛሬ በዩኒኮድ የራሷ ቁጥር አላት፤ ግን የሚጠቀምባት ጥቂት ነው። የጽዳት ትእዛዝ ያገኛት እንደሆነ ደግሞ «ትርፍ ምልክት» ብሎ ይጠርጋታል። ስንቀንስ ፈጣኖች ነን።

አዳማ ላይ ደግሞ ነገሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ዓሊና ዑመር በዐይኑ ዐ ቢጻፉ፣ ሐሰን በሐመሩ ሐ ቢጻፍ ከዐረብኛው ሥራቸው ጋር ይገጥማሉ፤ ሐጎስ ደግሞ ከትግራይ የመጣ ስም ነው፤ በትግርኛ ሐ ዛሬም ከጉሮሮ የምትወጣ ሕያው ድምፅ ናት። የአማርኛ ጆሮ ትርፍ ያለው ለሌላው ትርፍ አይደለም። ኦሮምኛው ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ ስለሚጻፍ ሐና ኀ አያሳስቡትም፤ እሱን የሚጎዳው ሌላ ትእዛዝ ነው። በቁቤ ውስጥ ሁዻ የምትባል፣ ከላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት አለች። የእንግሊዝኛ ሰው እንደ ሥርዓተ ነጥብ ያያታል፤ ለኦሮምኛ ግን ድምፅ ናት፣ በሁለት አናባቢዎች መካከል ጉሮሮ የሚቋረጥባት። ፍየል «ረኤ»፣ ትርፍ ደግሞ «ቡኣ» ሲባል በመካከል ያለችው እሷ ናት። «ሥርዓተ ነጥብን ሁሉ አስወግድ» የሚለው፣ ከሌላ አገር የተቀዳ የተለመደ መስመር ሁዻን ጠርጎ ፍየሏን ሦስት አናባቢ የተደረደረበት ባዶ ጩኸት ያደርጋታል። ልጁ ቤተሰቡ ከወለንጪቲ ነው፤ ይህችን ወጥመድ ማንም ሳይነግረው ያውቃታል። «ይህንን መስመር የጻፈው ሰው እኛን አላሰበንም» አለኝ፤ ቂም አልነበረበትም።

መፍትሔው የመጣውም ከእሱ ነው። ፊደሎቹን ከመዝገቡ አላወጣም። ሁለተኛ ዓምድ ፈጠረ። አንደኛው ዓምድ የኔታ እንደጻፉት፣ ከነዐይኑ፣ ከነንጉሡ ይቀመጣል፤ ማተሚያ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው። ሁለተኛው የተሰበሰበው፣ በ196ቱ ብቻ የተጻፈው ሲሆን ሰው አያየውም፤ ለፍለጋ ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ «አለሚቱ» ብሎ በፈለገው ፊደል ቢጽፍ ሁለቱም ይመጡለታል፤ የትኛዋ እንደሆነች ደግሞ ከፊት ያለው ዓምድ ይነግረዋል። በዚያ ላይ የአያት ስም የሚሞላበት ቦታ ተጨመረ፤ ይህ ከመጀመሪያውም ይገባ ነበር። የኔታ ሁለተኛውን ዓምድ ካላየሁ አላምንም ብለው አስከፈቱት። ለብዙ ጊዜ ተመልክተው «የተላጨ ሰው ይመስላል» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ስም እየጠሩ ማስፈለጉን ወደዱት፤ የሞቱትን ጭምር።

የቀረው ሥራ በትእዛዝ የማይሠራው ነበር። ደብተሩ አንድ ዓይነት፣ የአባሉ የቀበሌ መታወቂያ ሌላ ዓይነት የሚጽፍባቸው ስሞች ብዙ ሆነው ተገኙ። ዕድሩ በገዛ ስሙ ላይ የሚፈርደው አባሉ ራሱ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ ዝርዝሩን ይዤ በፀሐይና በዚያ በአዳማ አቧራ ቤት ለቤት ዞርኩ። ብዙዎቹ «እንዳመቸሽ» አሉኝ። አንድ የጋራዥ ባለቤት በመታወቂያዬ ካልሆነ ባንክ አይቀበለኝም አለ፤ ትክክል ነው። አንዲት ወጣት መምህርት ሞክሼዎቹ ሁሉ ይጥፉ የሚል አጭር ንግግር አድርጋልኝ፣ የራሷን «ፀሐይ» ግን በፀሐዩ ፀ እንድተውላት ነገረችኝ።

ዓለሚቱ ያልኳቸው እናት፣ በዐይኑ ዐ የተመዘገቡት፣ ማንበብ አይችሉም። ሁለቱን ፊደላት በወረቀት ላይ ትልቅ አድርጌ ጽፌ አሳየኋቸው።

«የቱ ነው የእኔ?» አሉኝ።

«እስካሁን የተጻፈው በዚህኛው ነው እማማ። መታወቂያዎት ላይ ግን በዚያኛው ነው። እንደፈለጉ።»

ዝም ብለው ገቡና ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ ይዘው ወጡ። ልጃቸው ወታደር ሆኖ ከሄደበት የላከው ነው፤ ራሱ ግን አልተመለሰም። በፖስታው ላይ ስማቸው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ጣታቸውን መጀመሪያው ፊደል ላይ አኑረው ወደ ወረቀቴ ተመለከቱ፤ አንዱን ከአንዱ ጋር ያስተያዩ ጀመር፤ ክብ የሆነችዋንና እግር ያላትን።

«ክቧን ነው የጻፈው» አሉ። «እሷን አድርጊልኝ።»

በመዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር የሆነ አጭር ምልክት አደረግሁና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ፤ እዚያም ቡና ተፈልቶ ነበር።